ዲስፖዛል ውስጥ ምላጭ የለም

አሜሪካ የምትኖሩ ወዳጆቼ፣ ከኩሽናችሁ ሲንክ ሥር ስለተንጠለጠለው ጥቁር በርሜል ዛሬ ላጫውታችሁ ነው። ብዙ ሰው ዲስፖዛል ሲባል የሚሽከረከር ምላጭ ይታየዋል። ልጆቻችንንም «እጅህን እንዳታስገባ፣ ይቆርጥሃል!» እያልን ነው የምናሳድጋቸው። ማስጠንቀቂያው ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ግን አይደለም። እዚያ ውስጥ ምላጭ የሚባል ነገር የለም።

ያለው አንድ ክብ የብረት ሳህን ነው። ሳህኑ ላይ ሁለት ደነዝ የብረት ጉጦች ታስረዋል፤ በጣት ስትገፏቸው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ማብሪያውን ስትጫኑ ሞተሩ ሳህኑን ያሽከረክራል፤ በተለመዱት ሞዴሎች ላይ ፍጥነቱ በደቂቃ 1,700 ዙር ገደማ ይደርሳል። የጣላችሁት ትርፍራፊ በሽክርክሪቱ ኃይል ወደ ዳር ይወረወራል። ዳሩን የከበበው ደግሞ የማይንቀሳቀስ፣ ጥርስና ቀዳዳ ያለው ቀለበት ነው። ጉጦቹ ምግቡን እየገፉ ከቀለበቱ ጋር ያፋጩታል፣ የደቀቀው በቀዳዳዎቹ ያልፋል፣ ውሃው ጠርጎ ይወስደዋል። የወፍጮ ቤት ሥራ ነው እንጂ የቢላ ሥራ አይደለም። «በረዶ ጨምሩበት፣ ምላጩን ይስልላችኋል» የሚለው ምክርም በዚሁ ወደቀ፤ የሌለ ምላጭ አይሳልም። በረዶው ግድግዳው ላይ የተጋገረውን ዝቃጭ ትንሽ ያራግፍ ይሆናል፣ ከዚያ አያልፍም።

የፈለሰፈው ጆን ሐምስ የተባለ አርክቴክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት ሬሲን ከተማ ውስጥ ሠራው፣ በ1935 የፈጠራ መብቱን አገኘ፣ በ1938 ኢንሲንክኤሬተር የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። የኩባንያው ስም ዛሬም አሜሪካ ውስጥ በብዙ ሲንኮች ሥር ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። ሁሉም ከተማ ግን በደስታ አልተቀበለውም። ኒውዮርክ የፍሳሽ መስመሬን ያጨናንቅብኛል ብላ አብዛኛው የከተማዋ ክፍል ላይ ከልክላው ቆይታ የፈቀደችው በ1997 ነው። አሮጌ የብሩክሊን አፓርትመንት ገብታችሁ ሲንኩ ሥር ባዶ ቢሆን አትገረሙ።

ይህን ሁሉ የማወራው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ዕቃው ወፍጮ መሆኑን ከተረዳችሁ፣ ሲንኩ ሲቆም ሁለት የተለያዩ ችግሮች እንዳሉ ትለያላችሁ። አንዱ ወፍጮው ራሱ ሲቀረቀር ነው፤ ሌላው ወፍጮው ደህና ሆኖ ከእሱ በኋላ ያለው ቧንቧ ሲደፈን። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሠራም። ሰው ግን ሁለቱን ሳይለይ ሱቅ ሮጦ ጠርሙስ ሙሉ ኬሚካል ገዝቶ ይደፋል። የብረት ማንኪያ የቀረቀረውን ወፍጮ ኬሚካል ምን ያደርግለታል?

ስለዚህ መጀመሪያ ጆሮ። ማብሪያውን ለአንድ አፍታ ብቻ ጫኑና ስሙ። «ሙ…ም» የሚል ድምፅ ብቻ ካሰማና ካልዞረ፣ ሞተሩ ኃይል አግኝቷል፣ ሳህኑ ግን በአንድ ነገር ተይዟል፤ ቶሎ አጥፉት። እንዲህ እያጉረመረመ ማቆየት የሞተሩን ጥቅል ሽቦ ያግለዋል፣ ሲብስም ያቃጥለዋል። ምንም ድምፅ ከሌለ፣ ወይ ኃይል አልደረሰውም፣ ወይ ሞተሩ ሲግል ራሱን የሚያጠፋበት መከላከያ ዘሏል። እንደ ወትሮው እያጓራ ከዞረ ግን ውሃው ካልወረደ፣ ወፍጮውን ተዉት፤ ጥፋቱ ቧንቧው ላይ ነው።

የተቀረቀረውን እንያዝ፣ ቀላሉ እሱ ነው። ማብሪያውን አጥፍቶ መተው አይበቃም፤ ከሲንኩ ሥር ያለውን ሶኬት ንቀሉ፣ ሶኬት ከሌለው ብሬከሩን አውርዱ። ከኋላችሁ የቆመ ሰው መብራት መስሎት ማብሪያውን ቢነካውስ? ከዚያ በባትሪ ወደ ውስጥ እዩ። የሻይ ማንኪያ፣ የጠርሙስ ቆርኪ፣ የአጥንት ስባሪ፣ የልጅ መጫወቻ፤ ብዙውን ጊዜ ወንጀለኛው ወዲያው ይታያል። በእጅ ሳይሆን በረጅም መቆንጠጫ አውጡት። መብራቱ ጠፍቶም ቢሆን እጅ አይገባም፤ የተሰበረ ብርጭቆ ሊኖር ይችላል፣ የቀለበቱ ጥርስም ቆዳ ይልጣል።

ካልወጣ ወይም ምንም ካልታያችሁ ተንበርከኩና የበርሜሉን ታች እዩት። በብዙዎቹ ሞዴሎች ልክ መሐሉ ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን ትንሽ ጉድጓድ አለ። ባለ ሩብ ኢንች አለን ቁልፍ እዚያ ውስጥ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ከዕቃው ጋር አብሮ ይሰጥና መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ይቀራል። አስገቡና ወደ ቀኝም ወደ ግራም በኃይል አወዛውዙት። የምታዞሩት የሞተሩን ዘንግ ራሱን ነው። የተሰነቀረው ነገር ሲላቀቅ እጃችሁ ላይ ይታወቃችኋል፤ ቁልፉ በነፃነት ሙሉ ዙር መዞር ይጀምራል። ጉድጓድ የሌላቸው ሞዴሎችም አሉ፤ ለእነሱ የመጥረጊያ እንጨት ከላይ አስገብታችሁ አንዱን ጉጥ ወደ ጎን መግፋት ነው።

እዚያው ታች ላይ ቀይ ትንሽ መጫኛ አለች። ሞተሩ ሲግል ወደ ውጭ ትዘላለች፤ ዲስፖዛሉ ጸጥ ያለው በእሷ ምክንያት ሊሆን ይችላል። አሥር ደቂቃ ያህል ሞተሩን አቀዝቅዙና ወደ ውስጥ ግፏት፤ «ቀጭ» ብላ ትገባለች። ከዚያ መብራቱን መልሱ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ክፈቱ፣ ሞክሩት። ለዚህች ሥራ ባለሙያ ጠርተው በትንሹ መቶ ዶላር የከፈሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ባለሙያው አላጭበረበራቸውም፤ የመጣበትን ነው ያስከፈለው። መጫኛዋን ግን እናንተም ትደርሱባታላችሁ።

አሁን ወደ ደፈናው። ውሃው የሚሄድበትን መንገድ ተከተሉኝ። ከዲስፖዛሉ ጎን ይወጣል፣ ሁለተኛ ሲንክ ካለ ከእሱ ጋር ይገናኛል፣ ወደ ታች ይወርድና እንደገና ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ከዚያ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። ያ እጥፋት ሲፎን ነው። ሁልጊዜ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ይዞ ይቀራል፤ ይህ ውሃ የፍሳሽ ጋዝና ሽታ ወደ ቤት እንዳይገባ በር ሆኖ ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ1775 አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ ለመጸዳጃ ቤት የታጠፈ ቧንቧ የፈጠራ መብት ሲያወጣ ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ ቤት ውስጥ የተሠራ ሽንት ቤት ሳይሸት እንዲኖር ያደረገው ይህ እጥፋት ነው። ጣጣው ደግሞ ያው ነው፤ ውሃ የሚቆይበት ቦታ ላይ ዝቃጭም ይቆያል።

ሲፎኑን ከመፍታታችሁ በፊት እንጨት እጀታ ያለውን የጎማ መምጠጫ ሞክሩ። ለሽንት ቤት ከሚውለው የተለየ ይሁን፣ ይህን መናገር የለብኝም። ጎማው በውሃ መሸፈን አለበት፤ አየር ብቻ ከገፋችሁ ኃይሉ ከንቱ ይቀራል። ብዙ ሰው የሚስተው ግን ይህን ነው፦ ሲንካችሁ ሁለት ጉድጓድ ካለው፣ አንዱን ስትገፉ ውሃው በሌላኛው በኩል ብቅ ይላል እንጂ ደፈናውን አይነካውም። ሌላኛውን በእርጥብ ጨርቅ ደፍኑና አንድ ሰው ጠበቅ አድርጎ ይያዝላችሁ። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ካለም ወደ ዲስፖዛሉ የሚገባውን የጎማ ቱቦውን በማነቂያ ቆንጥጡት፤ አለበለዚያ ቆሻሻው ውሃ ወደ ማሽኑ ይገባል። ከዚያ ሃያ ጊዜ ያህል ወደ ታችም ወደ ላይም ግፉ። ወደ ላይ መሳቡ ከመግፋቱ እኩል ይሠራል፤ ደፈናውን የሚያላቅቀው ወዲያ ወዲህ መነቅነቁ ነው።

ካልሆነ ሲፎኑ ይፈታል። ሥሩ ባልዲ አድርጉ። የፕላስቲክ ከሆነ ሁለቱ ማሰሪያ ቀለበቶች ብዙውን ጊዜ በእጅ ይፈታሉ። የጎማ ጋስኬቶቹ በየትኛው ፊት እንደተቀመጡ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ሲመለሱ የሚያንጠባጥቡት ተገልብጠው ስለሚገቡ ነው። ውስጡን አውጥታችሁ እጠቡ፣ ግን እባካችሁ ሌላ ቦታ እጠቡት፤ ሲንኩ ሥር ቧንቧ እንደሌለ ረስቶ ባልዲውን መልሶ እዚያው የሚደፋ ሰው አይጠፋም። ገጥማችሁ ስትጨርሱ ውሃ ልቀቁና በደረቅ ሶፍት መጋጠሚያዎቹን ዳሱ፤ ዓይን ያላየችውን ጠብታ ሶፍት ያያል።

ሲፎኑ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ደፈናው ግድግዳው ውስጥ ነው። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው የሚጠቀለል የሽቦ ስፕሪንግ ነው፤ ሆም ዲፖም ሆነ ማንኛውም የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ይሸጠዋል፣ ለኩሽና ሰባት ሜትር ያህል ይበቃል። የሚገባው በዲስፖዛሉ በኩል ሳይሆን ሲፎኑ በተፈታበት፣ ግድግዳው ላይ ባለው አፍ ነው። ሲያቆማችሁ አትወጉት፤ እያዞራችሁ አሳልፉት። ስታወጡት ጫፉ ላይ የተጠቀለለውን ነገር ልብ ብላችሁ እዩት፣ አትጸየፉት። ምን እንደደፈነው የሚነግራችሁ እሱ ነው።

የእኛን ኩሽና ቧንቧ የሚደፍነው ደግሞ ከጎረቤቶቻችን ይለያል። የዚህን ጽሑፍ ግማሽ የጻፍኩት ለዚህ ክፍል ስል ነው።

ቅቤ እንጀምር። ንጥር ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይቀልጣል። የዶሮ ወጥ ድስት በሙቅ ውሃ ስታጥቡ ቀልጦ በደስታ ይወርዳል። ሁለት ሦስት ሜትር ሄዶ ግን በሜሪላንድ ወይም በሚኒሶታ ክረምት የቀዘቀዘ ቧንቧ ያገኛል፤ እዚያ ይረጋል። የረጋው ላይ በርበሬው ይለጠፋል፣ ላዩ ላይ የሽንኩርቱ ቁሌት፣ ከዚያ የሚቀጥለው ሳምንት ቅቤ። ስቡ ዝም ብሎም አይቀመጥም፤ ፍሳሽ ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ተዋሕዶ ጠንካራ ሳሙና መሰል ነገር ይሆናል። በለንደን ዋይትቻፕል ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2017 የተገኘው የስብ ቋጥኝ 250 ሜትር ርዝመትና 130 ቶን ክብደት ነበረው፤ ቁራጩ በከተማዋ ሙዚየም ለሕዝብ ታይቷል። መፍትሔው እናቶቻችን ሳያስቡት የሚያደርጉት ነው፦ ድስቱ ከመታጠቡ በፊት በቁራሽ እንጀራ ይጠረግ። ቁራሹን ምን እንደምታደርጉት አልነግራችሁም። የጠገበ በወረቀት ይጥረገው።

ሁለተኛው ሊጥ ነው። የጤፍ ሊጥ የነበረበትን ባልዲ በሙቅ ውሃ የምታጥቡ፣ አብሲት ስትጥሉ ምን እንደሚሆን አስቡ። ሊጡ የፈላ ውሃ ሲነካው ስታርቹ ያብጣል፣ ይወፍራል፣ ይያያዛል። ለእንጀራው የምትፈልጉት ይህንኑ ነው። ቧንቧው ውስጥ ግን ማንም አብሲት አይፈልግም። የሊጥ ዕቃ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በብዙ ውሃ ይታጠባል። ሽሮም እንደዚያው፤ ድስቱ ላይ የቀረው ተፍቆ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ይግባ።

ሦስተኛው ተልባና አብሽ ነው፤ ይህን የአሜሪካ ቧንቧ ሠራተኛ አያውቀውም። ሁለቱም ውሃ ሲነካቸው ዝልግልግ ፈሳሽ ይሠራሉ፣ የተልባው ከቅርፊቱ፣ የአብሹ ከፍሬው ውስጥ። ለሆድ መድኃኒት ነው የሚባለውም ለዚሁ ባሕርያቸው ነው። ብቻቸውን ቧንቧ ይደፍናሉ አልልም፤ ነገር ግን ሲፎኑ ውስጥ የቡና አተላ ካገኙ አንድ ላይ ይይዙታል። የቡና አተላ ደግሞ በውሃ አይሟሟም፣ ይዘቅጣል። ሦስት ጊዜ የተፈላ ጀበና ሲታጠብ ስንት አተላ እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። አተላውን ወደ አበባው ሥር ወይም ወደ ቅርጫቱ።

የጎመን ዘንግና የሽንኩርት ልጣጭን በአጭሩ፦ ቃጫቸው ረጅም ስለሆነ ወፍጮው ከመፍጨት ይልቅ ጉጦቹ ላይ ይጠመጠማል። የዶሮ ወጥ እንቁላል ቅርፊትም ደቅቆ ቅባቱ ላይ ይከመራል። የበግና የበሬ አጥንት ጨርሶ አይሞከርም። ታዲያ ዲስፖዛሉ ምን ይብላ ካላችሁ፣ ሳህን ላይ የቀረ ለስላሳ ትርፍራፊ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ቀዝቃዛ ውሃ እየፈሰሰ ይብላ። ሙቅ ሳይሆን ቀዝቃዛ፤ ስቡ ረግቶ እንዲፈጭና እንዲጠረግ፣ ቀልጦ ሩቅ ሄዶ እንዳይረጋ። ድምፁ ንጹሕ ከሆነ በኋላም ውሃውን ከግማሽ ደቂቃ ያላነሰ ተዉት፤ ዲስፖዛሉን ያለፈ ምግብ ገና ግድግዳው ውስጥ ነውና።

ቧንቧውን ከፍተን ካየነው በኋላ ወደ ኬሚካሉ እንመለስ። ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ሲቀላቀሉ የሚንተከተከው አረፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ አረፋው ሲያልቅ የሚቀረው በአብዛኛው ውሃና ትንሽ ጨው ነው። ሽታ ይቀንሳል፣ ቀላል ዝቃጭ ያንቀሳቅሳል፤ የረጋ ቅቤ ግን አይበግረውም። የሱቁ ጠንካራ ኬሚካል በአብዛኛው ኮስቲክ ሶዳ አለበት፣ ስብን ወደ ሳሙና ይቀይራል፣ በሥራው ላይም ይግላል። ችግሩ፣ ሲንኩ ሙሉ በሙሉ ከተደፈነ ኬሚካሉ ደፈናው ላይ ሳይደርስ ውሃው ውስጥ ተቀላቅሎ ይቆማል። ከዚያ ሰው የጎማ መምጠጫ ያነሳል፣ ይረጫል፣ ዓይን ይነካል። ኬሚካል ደፍታችሁ ካልሠራ፣ መምጠጫ አትንኩ፣ ሲፎን አትፍቱ፤ ለሚመጣው ባለሙያ ምን እንደደፋችሁ ንገሩት። በረኪናን ከአቼቶ ጋር መቀላቀል የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፣ ከአሞኒያ ጋርም ሌላ መርዛማ ጋዝ። ሁለት ጠርሙስ አንድ ሲንክ ውስጥ አይደፋም። የእኔ ፍርድ ቁርጥ ያለ ነው፤ ለጠርሙስ የምታወጡትን ገንዘብ ለሽቦ ስፕሪንግ አውጡት። ስፕሪንጉ ዓመታት ያገለግላል።

«ውሃ አፍልቼ ብደፋበትስ?» የሚል አለ። ነጩ የፒቪሲ ቧንቧ የተሠራው ወደ 60 ዲግሪ ለሚደርስ ሙቀት ነው፤ የፈላ ውሃ መጋጠሚያዎቹን ሊያላላ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው ገና ወደ 92 ዲግሪ ሲደርስ ነው፣ እሱም ቢሆን ይበዛል። የቧንቧችሁ ሙቅ ውሃ ከዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጋር ይበቃል፣ ያውም ደፈናው ከተከፈተ በኋላ።

አዲስ አበባ ያላችሁ ዲስፖዛሉን ዝለሉት፣ የቀረው ሁሉ ይመለከታችኋል። እንዲያውም ብዙ ቤት ያለው ሲፎን ከሥሩ ኩባያ ያለው ነው፤ ኩባያውን በእጅ ፈታችሁ፣ ባዶ አድርጋችሁ፣ መልሳችሁ መግጠም ብቻ ነው። ከአሜሪካኑ ይቀላል።

አንድ ምልክት ስታዩ ግን መሣሪያውን አስቀምጡ። የኩሽናው ውሃ ሲለቀቅ ሽንት ቤቱ ከተንቦጫረቀ፣ ወይም የመታጠቢያው ገንዳ አለዚያም የቤዝመንቱ ወለል ላይ ቆሻሻ ውሃ ብቅ ካለ፣ የተደፈነው ዋናው የፍሳሽ መስመር ነው፤ ሰባት ሜትር ሽቦ አይደርስበትም። ልብስ ማጠቢያውንም ጨምሮ ውሃ መጠቀም አቁሙና ባለሙያ ጥሩ። ተከራይ ከሆናችሁ ይህ ሥራ በአብዛኛው የአከራዩ ነው፤ በስልክ ብቻ አትናገሩ፣ ፎቶ አያይዛችሁ በጽሑፍ አሳውቁት።